ሰማያዊ ነጥብ ያለበት ጠርሙስ

ረቡዕ ጠዋት፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አንጠልጥላ የመቁረጫ ክፍሉን በር ስትከፍት መብራቱ በርቶ አገኘችው።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም እዚሁ አደርሽ?» አለች እየሳቀች።

 ጠጋ ስትል ግራኟ የሚሏት ሠራተኛ ጠርሙስ በሚቀቀልበት የእንፋሎት ማሽንና በግድግዳው መካከል በጎኗ ተኝታለች። ነጭ ጋዋኗ እስከ ላይ ተቆልፏል፤ አፍና አፍንጫዋ እንደተሸፈነ ነው፤ ጓንቷንም አላወለቀችም። አንድ እግሯ ግን ጫማ የለውም። የጽዳት ሠራተኛዋ ከሁሉ በፊት ያደረገችው ያቺን ጫማ ፈልጋ ማጥለቅ ነበር። ኋላ ፖሊስ ለምን ነካሻት ብሎ ሲጠይቃት «እግሯ ቀዝቅዞ ነበር» አለች።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የሚያለቅስ ግን አልነበረም። ሁሉም ክው ብሎ፣ አንድ ሰው መጥቶ «ተሳስታችኋል» እንዲለው የሚጠብቅ ይመስል ቆሟል።

ቤቱ የመድኃኒት ተክል የሚባዛበት ላብራቶሪ ነው። ከአንድ ተክል ላይ የጥፍር ያህል ቁራጭ ይወሰዳል፤ ከጀርም ይጸዳል፤ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ፣ ጠርሙስ ውስጥ ይተከላል። ሲያቆጠቁጥ እንደገና ይቆረጥና ለሌሎች ጠርሙሶች ይከፋፈላል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ ሺህ ይሆናል። ጠላቱ ሻጋታ ነው። ጠርሙሱ ክፍት ከቆየ በዓይን የማትታይ ብናኝ ትገባና በጥቂት ቀን ውስጥ ሁሉን ትበላዋለች። እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ማስነጠስ ሲመጣበት እሳት እንደተነሣበት ሰው ነው ወደ ውጭ የሚሮጠው።

ግራኟ የዚያ ቤት እጅ ነበረች። ስሙ የወጣላት ምላጩንም ወረንጦውንም በግራዋ ስለምትይዝ ነው። የእሷ ጠርሙስ ሻገተ ሲባል የሰማ የለም። ስትቆርጥ ከጭምብሏ ሥር ታንጎራጉራለች፤ ዜማው ሁልጊዜ አንድ፣ ግጥሙን ግን እዚያው እንደመጣላት ትገጥመዋለች። አብረዋት የሚሠሩት ስለራሳቸው እየተዘፈነ መሆኑን የሚያውቁት ከረፈደ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። የመቁረጫ ሳጥኑ የተጣራ አየር ወደ ሠራተኛው የሚነፋ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ የመስታወት ሳጥን ነው። ማራገቢያው ቆሟል። የአልኮል ኩራዙም ጠፍቶ ክዳኑን ደፍቷል። ሳህን ላይ አንዲት ቀጭን ቁራጭ ደርቃለች። ከጎኑ ባለው መደርደሪያ ላይ ጠርሙሶቹ ተከድነው፣ አንገታቸው በስስ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ በሥርዓት ተደርድረዋል።

«ሌባ አይደለም» አለ ሳጅኑ። «ሌባ እንዲህ አያስተካክልም። የኔም ባለቤት እንዲህ አታስተካክልም።»

ኢንስፔክተሩ ክፍሉን አሸገው።

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን ሐኪሙ ደወለ። «ደረቷ ላይ ተገፍታለች። ጭንቅላቷ የማሽኑን ጠርዝ መትቷል። ግን ስማኝ፤ ወዲያው አልሞተችም። ሰው ደርሶላት ቢሆን በእግሯ ትሄድ ነበር።» «የጓንቷ ጣቶች ቢጫ ናቸው፤ አዮዲን ሳይሆን አይቀርም» ሲል ጨመረ።

*

ዘበኛው ሽማግሌ ነው፤ ከአንድ ሌሊት በላይ አርጅቶ አድሯል።

«አባባ፣ ትናንት ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«በሥራ መውጫ ሁሉም ወጣ። አለቃችን ጋሼም በመኪናቸው ወጡ። እሷ ብቻ ቀረች። አንድ ሰዓት ሲሆን ባሏ መጣና እዚህ በር ላይ ተጨቃጨቁ። እሱ ‹ዛሬውኑ ንገሪው› ይላል፤ እሷ ‹መጀመሪያ ላረጋግጥ› ትላለች። ከዚያ ተናዶ መኪናውን አስነሣና ጥሏት ሄደ።»

«ተመልሶ አልመጣም?»

«በዚህ በር አልመጣም። የጓሮውን በር ከዚህ አላየውም። ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰው መምጣቱን የማውቀው ውሻው ሲጮህ ነው። ውሻውም ይኸው አርጅቷል።»

ባልየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ትልልቅ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ የእሱ ያልሆኑ ይመስል እያያቸው ተቀመጠ። ማታ ቤት ነበርኩ አለ። ማን አየህ ሲባል ልጄ አለ፤ ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ተኝታም ነበር።

«ለማን ነበር የምትነግረው? ምንድን ነው የምታረጋግጠው?»

«ቃል አስገብታኛለች።»

«ሞታለች እኮ፣ ወንድሜ።»

«ለዚህ ነው የማልናገረው። በሕይወት ብትኖር ይቅር ትለኝ ነበር።»

 ያን ዕለት ማረፊያ ቤት ገባ። የሟች እናት የልጅ ልጇን ልብስ ልትወስድ የቤቱን ቁልፍ ለመቀበል ጣቢያ ስትመጣ ልጅቷም አብራት ነበረች። ኢንስፔክተሩን ከጫማው እስከ ኮፍያው አየችው።

«እናቴንም አባቴንም የያዝካቸው አንተ ነህ?»

ያን ማታ ኢንስፔክተሩ ቤቱ ገብቶ እራት ሲቀርብለት እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ ከዚያ ሳይበላ እንደገና ሄዶ ታጠበ።

*

የሚጠረጠር ሌላ ሰው ነበር። ላብራቶሪው የሚያባዛው የደረት ሥር የሚሉትን ተክል ነው፤ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ሥሩ ተቀቅሎ ይጠጣል። ከዱር ተቆፍሮ ተቆፍሮ ሊጠፋ ደርሷል። በሚቀጥለው ሳምንት ላብራቶሪው ችግኙን ለገበሬዎች በነፃ ሊያድል ነበርና፣ ሥር በውድ የሚሸጠው ነጋዴ ግቢው ድረስ መጥቶ «እናያለን» ብሎ ዝቶ ሄዷል።

«ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«እናንተ ዘንድ።»

«እንዴት?»

«መጠጥ ቤት ተደባድቤ እዚሁ ነው ያደርኩት። ቁርስም አልሰጣችሁኝም።»

ሳጅኑ መዝገቡን አይቶ አንገቱን ደፋ። እውነት ነበር።

የላብራቶሪው ኃላፊ ሳይጠሩ መጡ። ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል፤ ግማሹ ሠራተኛ ተማሪያቸው የነበረ ነው። 

«ልጄ ናት» አሉ። «ወረንጦ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በቀኝሽ ያዢ ብዬ አንድ ወር ተጣላኋት። በኋላ ተሸነፍኩ።»

ማክሰኞ ማታ ስለ ችግኝ ዕደላው በተሰናዳ ግብዣ ላይ፣ ሆቴል ነበሩ። አብረዋቸው የተቀመጡት ሁሉ ይህንኑ መሰከሩ። ሲወጡ ጋሼ የኢንስፔክተሩን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንድ ነገር ልለምንህ። ያን ክፍል ክፈቱልኝ። ጠርሙሶቹ ብርሃን ይፈልጋሉ። የእሷ ድካም ነው፤ አብሯት አይሙት።»

በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን።

«ሰውየው የሚያለቅሰው ለጠርሙስ ነው» አለ ሳጅኑ። ኢንስፔክተሩ ገላመጠው፤ የሽማግሌውን ሐዘን አይቶ ሆዱ ባብቶ ነበርና።

*

በአራተኛው ቀን ኢንስፔክተሩ ከግራኟ ጎን የምትሠራውን ልጅ ይዞ ወደ ታሸገው ክፍል ገባ። ሳቂታዋ ይሏታል። ያን ቀን ግን ፊቷ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነበር።

«ምን እንደተለወጠ ብቻ ንገሪኝ።»

ሳቂታዋ ሳህኑ ላይ አጎነበሰች። «ቁራጯ ተጋምሳ ነው የቀረችው። መሀል ላይ ተቋርጣለች። ስንቆርጥ ደግሞ ጠርሙሱ አጠገባችን ክፍት ነው። ክፍት አድሮ ቢሆን ዛሬ ሻጋታ አውጥቶ ነበር።» ወደ መደርደሪያው ዞረች። «ሁሉም ንጹሕ ነው። ማነው የከደነው?»

«ራሷ ከድና ተነሥታ ቢሆንስ?»

ልጅቷ ጠርሙሶቹን ሳትነካ አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ ሰማያዊ ነጥብ ተደርጎበታል።

«ፕላስቲኩን እዩት። እሷ የምትጠቀልለው ወደ ግራ ነው፤ እጇ እንደዚያ ስለሆነ። እነዚህ ሁሉ ወደ ግራ ናቸው። ይሄኛው ወደ ቀኝ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ነው የጠቀለለው፤ ለምሳሌ እንደኔ ያለ...»

 የተናገረችው ለራሷ ጆሮ ሲገባ ከመደርደሪያው አንድ እርምጃ ሸሸች።

«ማክሰኞ ማታ የት ነበርሽ?» አላት ኢንስፔክተሩ፣ ድምፁን ሳይቀይር።

«ሆስፒታል። እናቴን ሳስታምም።»

ኋላ የሆስፒታሉ ነርስ ስትጠየቅ ሳትጠራጠር አረጋገጠች። ከእናቷ ጎን የተኛችው በሽተኛ «ይቺ ልጅ ስትስቅ አላስተኛችኝም» ብላ አቤቱታ አቅርባ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሰማያዊ ነጥብ ያለበትን ጠርሙስ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያዘው። ውስጡ አራት ቡቃያዎች አሉ። የፕላስቲኩ ጫፍ፣ የሚፈታው ሰው በቀላሉ እንዲያገኘው፣ በትንሹ ወደ ውጭ ታጥፏል። ይህን ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ሳቂታዋ ግን እንደገና ሳህኑ ላይ አጎንብሳ ነበር። «ይሄ የኛ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ሥሯ የተቆረጠበት ቢጫ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«የዱሩን የደረት ሥር የቆፈረ ሰው ጣቱ ቢጫ ሆኖ ይሰነብታል። የኛ ነጭ ነው። በጠርሙስ ሲያድግ ቢጫነቱን ያጣል ብለውናል፤ እኛም አምነን ዝም አልን። ይቺ ግን በጠርሙስ ነው ያደገችው፤ ምግቡ ራሱ ሥሯ ላይ አለ። ቢጫነቷንም አላጣችም።» ቀና አለች። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስናባዛ የኖርነው ምንድን ነው?»

*

ኢንስፔክተሩ ከዚያ በቀጥታ ማረፊያ ቤት ሄደ። ሹፌሩ ፊት ቆሞ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ።

«ቢጫ ነው።»

ሹፌሩ ፊቱን በትልልቅ እጆቹ ሸፈነና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ሲወጣለት ተናገረ።

«የጀመረው ከኔ ነው። አክስቴ ጓሮ አንድ የደረት ሥር ነበረች። ለአክስቴ ቆፍሬላት ቤት ስገባ ጣቶቼን አየች። ‹ጋሼ እኮ ቢጫው በጠርሙስ ይጠፋል ይሉናል፤ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው የሚሉት› አለችኝ። ያን ሌሊት አልተኛችም። ቁራጭ አምጣልኝ አለች፤ አመጣሁላት። ክዳኑ ላይ ሰማያዊ ነጥብ አድርጋ፣ ለማንም ሳትናገር ለብቻዋ በጠርሙስ አሳደገችው። ማክሰኞ ሥሩን ቆርጣ ልታይ ነበር። ቢጫ ከሆነ የሚታደለው ችግኝ የውሸት ነው ማለት ነው።»

«‹ንገሪው› ያልካት ለማን ነው?»

«ለጋሼ። ዛሬውኑ ንገሪውና ይለይልሽ አልኳት። እሷ ግን ‹ተሳስቼ ቢሆን ሰውየውን በከንቱ አሳዝናለሁ፤ እርግጠኛ ሳልሆን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል› አለችኝ።»

«አክስትህ ጓሮ ዛሬም አለ ተክሉ?»

«አክስቴ ሞተች፤ ቤቱ ተሸጠ። ጓሮው ሲሚንቶ ሆኗል።»

ስለዚህ ከዚያች ተክል የቀረው ያ ጠርሙስ ብቻ ነበር።

ሆቴሉ ከላብራቶሪው የጓሮ በር ሩቅ አይደለም፤ በአጥሩ ሥር ያለችው መንገድ ታገናኛቸዋለች። አስተናጋጁ ትሪውን ብብቱ ሥር አድርጎ አሰበ።

«ጋሼ? አዎ፣ እስከ መጨረሻው ነበሩ። ብቻ ንግግሩ ሲጀመር ወጣ አሉ። ‹ለእንግዶቹ የማሳየው ነገር ረስቻለሁ› አሉኝ። ሲመለሱ እኛ ሳህን እያነሣን ነበር፤ የሳቸው እንዳለ ነው፣ አልተነካም። ጠርሙስ ይዘው ነው የመጡት። ውስጡ ችግኝ ያለበት። እንግዶቹ እየተቀባበሉ አዩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተጨበጨበላቸው።»

የግብዣው ፎቶ አንሺም ምስሎቹን አሳየ። በመጀመሪያው ላይ ጋሼ ፊት ያለው የውሃ ብርጭቆ ነው። በመጨረሻው ላይ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ይዘው ፈገግ ብለዋል። ኢንስፔክተሩ ያን ፈገግታ አይቶ ፎቶውን ገልብጦ አስቀመጠው። ሐኪሙ በስልክ ያለው ነገር ጆሮው ላይ ይጮህበት ነበር። ያኔ ግራኟ ገና ትተነፍስ ነበር።

ጠርሙስ ይዞ መምጣት ግን ወንጀል አይደለም። መኪናዬ ውስጥ ነበር ቢሉስ?

*

በማግሥቱ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሲመጡ ኢንስፔክተሩ ወንበር ሰጣቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙሶች ክዳናቸው ወልቆ ተቀምጠዋል። አንዱ ክዳን ሰማያዊ ነጥብ አለበት። መስኮቱ ለመንገዱ አቧራ ተከፍቷል። ከጠርሙሶቹ አጠገብ ስስ ፕላስቲክ አለ።

«ሳጅን፣ ይሄን ማን ከፈተው?» አሉ ጋሼ ገና ሳይቀመጡ።

«ለምርመራ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሁለቱም ያው ተክል ነው ብለውኛል።»

«ያው ነው። ግን...»

«እንግዲያውስ አያሳስብም። ስለ ግብዣው ልጠይቅዎት። ከጎንዎ ማን ነበር?»

ጋሼ መለሱ። ዓይናቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። ኢንስፔክተሩ ስለ ወንበር አቀማመጥ ጠየቀ፣ ስለ ንግግሩ ጠየቀ፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ ጠየቀ። ከመንገድ አንድ ከባድ መኪና አለፈና አቧራው በመስኮት ገባ። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። ሳጅኑ፣ እንደተነገረው፣ አስነጠሰ።

ጋሼ ዘለው ተነሡ። ሰማያዊ ነጥብ ያለውን ክዳን አንሥተው ጠርሙሱን ገጠሙት፤ ፕላስቲኩን ሳቡና አንገቱን ወደ ቀኝ ጠቀለሉ። በመጨረሻ ጫፉን በአውራ ጣታቸው በትንሹ ወደ ውጭ አጠፉ። የለመደ እጅ ነው፤ ሳያስብ ነው የሠራው። ከዚያ ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ።

ሌላኛው ጠርሙስ እንደተከፈተ ነው።

«ሁለት ነበሩ፣ ጋሼ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ያው ተክል ከሆኑ፣ ይሄኛውን ለምን ተዉት?»

ጋሼ የታቀፉትን አዩ፤ የተተወውን አዩ። 

«የያዙትም እውነተኛው አይደለም። እውነተኛው ሳቂታዋ ዘንድ፣ ብርሃን ስር ነው። እኛ ክዳኑን ብቻ ነው የተዋስነው።»

ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ ጠርሙሱን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

«ከሁለት ዓመት በፊት፣ እነዚህ ልጆች ገና ሳይቀጠሩ፣ ሁሉም በሻጋታ አለቀ። አንድም አልተረፈም። ስንት ዓመት የለፋንበትን እንዴት አለቀ ልበል? ሜዳ ወጥቼ የምትመስላትን ተክል አምጥቼ ተካሁ። ቅጠሏ ያው ነው። ሥሯ ብቻ...»

«ማክሰኞ ማታስ?»

«ለእንግዶቹ የማሳየው ጠርሙስ ልወስድ ነው በጓሮ የገባሁት። ዞር አለችና ‹ጋሼ፣ ይዩ፣ ቢጫ ነው› አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። እኔ ያደረግሁት አልመሰላትም እኮ። ‹ተሳስተን ነበር፣ ግን ይኸው አገኘነው› ነው ያለችኝ። ዕደላውን አሁኑኑ ላስቁም ብላ ወደ ስልኩ ተነሣች። ቆይ አልኳት። አልቆይ አለች። ገፋኋት።»

«ወደቀች።»

«ወደቀች።»

«ትተነፍስ ነበር?»

ከውጭ አንድ ሰው በፉጨት እየዘፈነ አለፈ። 

«ትተነፍስ ነበር» አለ ጋሼ።

«ከዚያስ ምን አደረግክ?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው፤ ጥያቄው የገረመው ይመስል ነበር።

«ጠርሙሱ ክፍት ነበር እኮ» አለ።

ሳጅኑ መጻፉን አቆመ። ቀልደኛው ሳጅን ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ክፍል ቀልድ ተናግሮ አያውቅም። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ከሳጅኑ እጅ ወስዶ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ራሱ ጻፋት።

*

ሹፌሩ በዚያው ከሰዓት ተፈታ። ልጅቷ የጣቢያው በር ላይ ከአያቷ ጋር ቆማ ነበር። ወዲያው አልሮጠችም፤ መጀመሪያ ወደ ኋላው ተመለከተች፤ ሌላ የሚወጣ ሰው እንዳለ ለማየት። ከዚያ ሄዳ የአባቷን ሱሪ ያዘች።

የችግኝ ዕደላው ቀረ። ሳቂታዋ ከጠርሙሱ አራት ቡቃያዎች ላይ ቆርጣ ማባዛት ጀመረች፤ ሁለቱ በመጀመሪያው ወር ሞቱ፤ ሁለቱ ሥር ሰደዱ። ሥራቸው ቢጫ ነው።